በጥንቱ አስፈሪ ፊልም ለተገፉ ሰዎች የሚታየው ርኅራኄ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ የምናወራው በዋናነት ከ1920ዎቹ እስከ 1940ዎቹ ሆሊውድ ውስጥ ስለተሠሩ አስፈሪ ፊልሞች ነው። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ፊልሞቹን ገና ያላያችሁ ተጠንቀቁ፤ መጨረሻቸውን ደብቆ ስለ ርኅራኄያቸው ማውራት ስለማይቻል እስከ መጨረሻው እንናገራለን።

ለማስፈራራት የተሠራ ፊልም ለተገፋ ሰው እንዴት ሊያዝን ይችላል?

ነገሩ ያለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ፊልሙን ስታዩ አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፦ መጀመሪያ የተመታው ማን ነው?

ጄምስ ዌል በ1931 ለዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ያዘጋጀውን «ፍራንከንስታይን» እንውሰድ። አንድ ሳይንቲስት ከሬሳ አካላት ገጣጥሞ ሕይወት የሰጠው ፍጡር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታየው በጀርባው ወደ ክፍሉ ሲገባ ነው። ቀስ ብሎ ሲዞር ካሜራው በተከታታይ ቀረጻ ወደ ፊቱ እየቀረበ ይሄዳል። እስከዚህ ድረስ ያለው ፍርሃት ነው። ወዲያው ግን ፈጣሪው ወንበር ላይ ያስቀምጠውና የጣሪያውን መስኮት ይከፍትለታል። ፍጡሩ ቀና ብሎ ብርሃኑን ያያል፤ ተነሥቶ ሁለት እጆቹን ወደ ላይ ይሰዳል፤ ብርሃኑን ሊጨብጠው ይሞክራል። መስኮቱ ሲዘጋበት እጆቹን ዘርግቶ ይለምናል። ረዳቱ ፍሪትስ ችቦ ይዞ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። ፍጡሩ እሳቱን ፈርቶ ይንፈራገጣል፤ እነሱ ግን ሊያጠቃን ነው ብለው ያስሩታል። በሰንሰለት ታስሮ ሳለ ፍሪትስ በአለንጋና በእሳት ያሠቃየዋል። የመጀመሪያው ግድያ የሚመጣው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው፤ የሚሞተውም ራሱ ፍሪትስ ነው።

እነዚሁ ትዕይንቶች ቦታ ቢለዋወጡ፣ ግድያው ቀድሞ ሥቃዩ ቢከተል፣ ፊልሙ ተራ የአውሬ አደን ይሆን ነበር።

እግረ መንገዳችንን፦ ታሪኩ ሌላ ሰበብም አዘጋጅቶ ነበር። ፍሪትስ ጤነኛውን አንጎል ጥሎ ስለሚያበላሸው የወንጀለኛ አንጎል ሰርቆ ያመጣል። በዚህ ስሌት ፍጡሩ ሲፈጠርም ክፉ ነው። በዓይናችን የምናየው ግን ይህን አይደግፍም። አንጎሉ በጥቂት ደቂቃ ይረሳል፤ አለንጋው አይረሳም።

የሐይቁ ትዕይንት በየቅጂው የሚለያየው ለምንድን ነው? የያዝኩት ቅጂ ሙሉ መሆኑን በምን ላውቅ?

ትዕይንቱ ይህ ነው። ማሪያ የምትባል ትንሽ ልጅ ፍጡሩን ስታየው አትደነግጥም። እጁን ይዛ ወደ ውሃው ዳር ትወስደዋለች፣ አበባ ታካፍለዋለች። አበቦቹን እየወረወሩ እንደ ጀልባ ሲንሳፈፉ ያያሉ። ፍጡሩ ይስቃል። አበባው እጁ ላይ ሲያልቅ ልጅቷም ትንሳፈፋለች ብሎ አንሥቶ ይወረውራታል። ትሰጥማለች። እሱም ውሃውን በእጁ እየዳበሰ ይፈልጋታል፤ ሲያጣት ግራ ተጋብቶ እየተደናበረ ይሸሻል።

ሳንሱር ይህን ቆረጠው። መቀሱ ያረፈው ደግሞ እጆቹን ወደ ልጅቷ በዘረጋበት ቅጽበት ላይ ነው። ቀጥሎ የምናየው አባትየው ሬሳዋን ታቅፎ በድግስ ላይ ባለው መንደር መሐል ሲያልፍ ነው። መሐሉ ስለጠፋ ተመልካቹ ከመስጠም የከፋ ነገር በራሱ ይሞላበታል። ጭካኔ ለመቀነስ የተደረገው ቆረጣ የፊልሙን ትልቁን የርኅራኄ ቦታ አጠፋው፤ የዋህ ስሕተት የነበረውን ወንጀል አደረገው። የተቆረጠው ክፍል የተመለሰው በ1980ዎቹ ነው።

የእናንተን ለማወቅ፦ ወደ ሐይቁ ሂዱ፣ አበባው እስኪያልቅ ጠብቁ። ልጅቷ ውሃ ውስጥ ስትወድቅ ካያችሁና ፍጡሩ ሲደናበር ከታየ ሙሉ ነው። እጅ ከተዘረጋ በኋላ በቀጥታ ወደ ሌላ ቦታ ከዘለለ የተቆረጠ ነው፤ በተለይ ለቡድን አታሳዩት። የፊልሙ ርዝመት ሰባ ደቂቃ ገደማ ስለሆነ የአንድ ደቂቃ ጉድለት ከጠቅላላው ርዝመት ላይ አይታወቅም። ትዕይንቱን ራሱን ማየት ያስፈልጋል።

ፍጡሩን የተጫወተው ቦሪስ ካርሎፍ አንድ ቃል ሳይናገር አንጀት የሚበላው እንዴት ነው?

ግማሹ የጃክ ፒርስ ሜካፕ ነው። በየቀኑ አራት ሰዓት ያህል ይፈጅ ነበር። ከባድ ቢመስልም የሚንቀሳቀሰውን የፊት ክፍል አልሸፈነም። ግንባሩና የራስ ቅሉ ተገንብቷል፤ ጉንጩና አፉ ግን የካርሎፍ የራሱ ነው። በአንድ በኩል ያለውን ተነቃይ ጥርሱን በማውለቁ ጉንጩ ወደ ውስጥ ጎደጎደ፤ የተራበና የታመመ ሰው መሰለ። ዓይኖቹ በጣም ንቁ ሆነው ስለታዩ ደግሞ የዓይኑ ቆቦች ላይ ሰም ተደረገ። ገና ከእንቅልፉ ያልነቃ ፍጡር ያስመሰለው ያ ነው። ጫማዎቹ እያንዳንዳቸው ወደ ስድስት ኪሎ ይመዝናሉ፤ አረማመዱ የመጣው ከዚያ ነው። የኮቱ እጅጌ ስላጠረ የእጅ አንጓውና መዳፉ ይወጣሉ፤ ልመናውን የምናየው በእነዚያ እጆች ነው።

ሌላው ግማሽ ዝምታው ነው። ፊልሙ ከመክፈቻው ጽሑፍ በኋላ ስሜት የሚመራ ሙዚቃ የለውም ማለት ይቻላል። ፍጡሩ ሲያቃስት ከሥሩ ቫዮሊን አያለቅስለትም። አሁን የሚሠሩ ፊልሞች ብዙ ጊዜ የሚያበላሹት እዚህ ላይ ነው፤ ሙዚቃው ቀድሞ ካለቀሰ ተመልካቹ የሚያደርገው አጥቶ ከንፈሩን መጥጦ ያልፋል።

በመክፈቻው ጽሑፍ ላይ በፍጡሩ ተዋናይ ስም ቦታ የተቀመጠው የጥያቄ ምልክት ነው። ለማስታወቂያ ብልሃት የተደረገ ነው፤ ስም አልባ ለሆነ ፍጡር ግን ሳይታሰብ የገጠመ ነገር ሆኗል።

«የፍራንከንስታይን ሙሽራ» ውስጥ ያለው የዓይነ ስውሩ ባሕታዊ ትዕይንት ለምን ይህን ያህል ይወደሳል?

በ1935 የወጣው ይህ ሁለተኛ ፊልም ዌል በሙሉ ነጻነት የሠራው ይመስላል። ትዕይንቱ ቀላል ነው፤ ግን እያንዳንዱ ክፍሉ የተሰላ ነው። የቆሰለው ፍጡር ጫካ ውስጥ የቫዮሊን ድምፅ ይሰማል፤ የሹበርት «አቬ ማሪያ» ነው። ባሕታዊው አያየውም፤ ስለዚህ አይፈራውም። ሾርባ ይሰጠዋል፣ ዳቦና ወይን ያቀርብለታል፣ ያስተኛዋል። ከዚያ አጠገቡ ተንበርክኮ ወዳጅ ስለላክልኝ ብሎ ፈጣሪውን ያመሰግናል። ፍጡሩ ያነባል። ስክሪኑ ሲጨልም ግድግዳው ላይ ያለው መስቀል ከሁሉም በኋላ ይጠፋል።

እዚህ ላይ ሦስት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ባሕታዊው ራሱ ብቸኛ ነው፤ የሚሰጠውን ያህል ይቀበላል። ርኅራኄው ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ምጽዋት አይደለም። ሁለተኛ፣ ፍጡሩ ቃል የሚማረው እዚህ ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ ቃላቱ አንዱ «ወዳጅ» ነው። ሦስተኛ፣ ቤቱን የሚያፈርሱት ክፉ ሰዎች አይደሉም። መንገድ የጠፋቸው ሁለት አዳኞች ናቸው፤ ሽማግሌውን ያዳኑ መስሏቸው ነው የሚተኩሱት። ጎጆው በግርግሩ ይቃጠላል፤ ፍጡሩም እንደገና መንገድ ላይ ይቀራል።

ካርሎፍ ፍጡሩ እንዲናገር አልፈለገም ነበር። አስተያየቱ ክብደት አለው፤ ግን መጨረሻው ላይ በትክክል የሠራው ንግግሩ ነው። የተሠራችለት ሙሽራ አይታው ስትጮኽ፣ እንደ ሌሎቹ ጠላችኝ ይላል። ከዚያ ፈጣሪውንና ሚስቱን ሂዱ፣ ኑሩ ብሎ ይለቃቸዋል። እሱ፣ ሙሽራዋና እሷን አብሮ የሠራው ክፉው ሳይንቲስት ፕሪቶሪየስ ግን የሙታን ወገን ነን ብሎ ማማውን ያፈርሰዋል። በፊልሙ ውስጥ ለሌላው ምሕረት ለማድረግ ሥልጣን ሲያገኝ የሚጠቀምበት እሱ ብቻ ነው።

የድምፅ አልባ ፊልም ተዋናዩ ሎን ቼኒ ከዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ሁሉም ነገር ያገናኘዋል፤ መንገዱን የጠረገው እሱ ነው። በ1883 ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ሲወለድ አባቱም እናቱም መስማት የተሳናቸው ነበሩ። በእጅና በፊት መናገርን የተማረው እቤቱ ነው። ለድምፅ አልባ ፊልም ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አይገኝም።

በ1923ቱ «የኖትርዳም ጎባጣ» ውስጥ ኳሲሞዶ አደባባይ ላይ ታስሮ ይገረፋል። ሕዝቡ ይስቃል። ውሃ ሲለምን የምታጠጣው ኤስመራልዳ ናት፤ እሷም በሕዝቡ ዘንድ የተናቀች ናት። ይኸው ትዕይንት በ1939 ቻርልስ ሎተን በተጫወተው ፊልም ውስጥ በድምፅ ተደግሟል። ሁለቱን በተከታታይ ማየት ጥሩ ልምምድ ነው፦ ቼኒ በሰውነቱ ይቆጣል፣ ይታገላል፤ ሎተን ይሸነፋል፣ ይዝላል። የሎተኑ የበለጠ ያሳዝናል፤ የቼኒው ግን ኳሲሞዶን ሰው ያደርገዋል ብለን እናምናለን፤ የተዋረደ ሰው መቆጣቱ ተገቢ ነውና።

ቼኒ በተጫወተበት በ1925ቱ «የኦፔራ ቤቱ መንፈስ» ደግሞ ርኅራኄ እንዴት እንደሚነጠቅ ይታያል። መጀመሪያ በተቀረጸው መጨረሻ ፊቱ የተበላሸው ኤሪክ ኦርጋኑ ላይ ልቡ ተሰብሮ ይሞታል። የሙከራ ተመልካች ስላልወደደው ሌላ ተሠራ፦ ሕዝብ አሳዶት፣ ቀጥቅጦ ሴን ወንዝ ይጥለዋል። የሚገርመው፣ ቼኒ እዚያም ውስጥ አንድ ነገር ሰርቆ አስገብቷል። ሲከቡት የሚፈነዳ ነገር እንደያዘ ሰው እጁን ጨብጦ ያነሣል፤ ሁሉም ያፈገፍጋል። ከዚያ እጁን ይከፍተዋል፤ ባዶ ነው። ይስቃል፤ ይወርዱበታል።

ድምፅ አልባዎቹ ፊልሞች እየሮጡ ያስቃሉ። ምን ይደረጋል?

ችግሩ የፍጥነት ነው። የድምፅ ፊልም በሴኮንድ 24 ምስል ያልፋል። በ1920ዎቹ ግን ካሜራው ብዙ ጊዜ ከዚያ በዝግታ ይሽከረከር ነበር። ያንን በ24 ካሳዩት ሰው ሁሉ እንደ መጫወቻ ይፈጥናል። ኳሲሞዶ ሲገረፍ የሚያስቅ ከሆነ ርኅራኄው እዚያው አለቀ።

ኢንተርኔት ላይ ያሉ ብዙ አሮጌ ቅጂዎች በዚህ የተበላሹ ናቸው። መፈተሻው እንዲህ ነው፦ ዋናውን ተዋናይ ተዉትና ከኋላ የሚያልፉትን ተራ ሰዎች አረማመድ እዩ። እነሱ የሚሮጡ ከመሰላችሁ የማጫወቻውን ፍጥነት ወደ 0.75 ዝቅ አድርጉ፤ ወደ 18 ምስል በሴኮንድ ይመጣል። ከበዛ 0.85 ሞክሩ። ሙዚቃው ስለሚጎተት ድምፁን አጥፉትና ለስለስ ያለ የመሣሪያ ሙዚቃ ለብቻው ክፈቱ፤ ወይም በዝምታ እዩት። በደንብ የታደሱ ቅጂዎች ግን ፍጥነታቸው አስቀድሞ ስለተስተካከለ አትንኳቸው፤ ከቀነሳችሁ ሁሉም ውሃ ውስጥ የሚራመድ ይመስላል።

«ፍሪክስ» ለተገለሉ ሰዎች ይቆማል ወይስ ይነግድባቸዋል?

ሁለቱንም ያደርጋል፤ ለዚህ ነው ዘጠና ዓመት ሙሉ ያከራከረው።

ቶድ ብራውኒንግ በ1932 ለሜትሮ ጎልድዊን ሜየር የሠራው ይህ ፊልም የሰርከስ ታሪክ ነው። ክሊዮፓትራ የምትባል ትራፔዝ ተጫዋች አጭር ቁመት ያለውን ሃንስን ለውርሱ ብላ ታገባዋለች፤ ከጉልበተኛው ወዳጇ ጋር ሆና በመርዝ ልትገድለው ትነሣለች። ብራውኒንግ ራሱ በወጣትነቱ ከቤት ጠፍቶ ከተዘዋዋሪ ትርኢት ጋር የኖረ ሰው ነው። ተዋናዮቹን ከእውነተኛው የሰርከስ ዓለም አመጣ፦ ከወገቡ በታች አካል የሌለው ጆኒ ኤክ፣ ተጣብቀው የተወለዱት እኅትማማች ዴዚና ቫዮሌት ሂልተን፣ እጅና እግር የሌለው ልዑል ራንዲያን፣ ክንድ የሌላት ፍራንሲስ ኦኮነር፣ ሽሊትዚ። ሃንስንና እጮኛውን ፍሪዳን የተጫወቱት ሃሪና ዴዚ ኧርልስ በእውነተኛ ሕይወታቸው ወንድምና እኅት ናቸው።

የመጀመሪያው ክፍል ድንቅ ነው። ምንም «አይከሰትም»። ልጅ ይወለዳል፣ ጎረቤት ይጠይቃል፣ አንዲት ሴት በእግር ጣቶቿ ሹካ ይዛ እየበላች ታወጋለች። የራንዲያንን ትዕይንት ደጋግማችሁ እዩት። አጠገቡ ያለው አክሮባት ስለ ራሱ ትርኢት ይለፍፋል፤ ራንዲያን በአፉ ብቻ የክብሪቱን ሳጥን ይከፍታል፣ እንጨቷን ይጭራል፣ ሲጋራውን ይለኩሳል። ካሜራው አይጣደፍም፤ ሙዚቃም አይጨምርም። ለሰከንዶች ጉድ ብላችሁ ታያላችሁ፤ ከዚያ የምታዩት ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ብቻ ይሆናል። በግልጽ ማየት የመጀመሪያውን ድንጋጤ እስኪያልቅ ድረስ ያስጨርሳል፤ ብራውኒንግ ይህን ያውቃል።

የሠርጉ ግብዣ የፊልሙ ማጠፊያ ነው። ተጋባዦቹ በአንድ ትልቅ ጽዋ እየተቀባበሉ ከእንግዲህ ከእኛ አንዷ ነሽ ብለው ይዘምራሉ። ለእነሱ ይህ ትልቁ ክብር ነው። ክሊዮፓትራ ግን ወይኑን ፊታቸው ላይ ደፍታ ትሰድባቸዋለች። «መጀመሪያ የተመታው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ መልስ እዚህ አለ።

ከዚያ ፊልሙ ራሱን ይክዳል። በማዕበል ሌሊት፣ በጭቃ ውስጥ፣ ቢላ ይዘው እየተሳቡ ሲመጡ ያን ያህል ሲላመዳቸው የቆየው ካሜራ እንደገና ያስፈራባቸዋል። የክሊዮፓትራ ቅጣትም አካሏ ተቆራርጦ ለትርኢት መቅረብ ነው። እነሱን መምሰል ትልቁ ቅጣት ከሆነ፣ የፊልሙ የመጀመሪያ ክፍል የነገረን ምን ነበር? አንዳንዶች በቀሉ የተገፉ ሰዎች ክብር ነው ይላሉ። ክርክሩ ጥሩ ነው፤ እኛ ግን አላሳመነንም። በቀሉ ሳይሆን በቀሉ የተቀረጸበት ዓይን ነው ችግሩ።

ታዲያ ለምን ታገደ?

በ1932 መጀመሪያ ላይ የተደረገው የሙከራ ዕይታ ስላልተሳካ ስቱዲዮው ከዘጠና ደቂቃ ገደማ ወደ 64 ደቂቃ ቆረጠው። የተቆረጠው ጠፍቷል፤ «ሙሉ ቅጂ አለኝ» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ አትመኑት። ብሪታንያ አግዳው እስከ 1963 ቆየች። የብራውኒንግ ሥራ ከዚያ ወዲህ አላገገመም።

በተቀረጸበት ጊዜም ሌሎች የስቱዲዮው ሠራተኞች አብረን አንበላም ስላሉ አብዛኞቹ ተዋናዮች ለብቻቸው ውጪ እንዲመገቡ ተደርጓል። ፊልሙ ስለ አንድ ማዕድ ነው፤ ማዕዱ ግን እዚያው ግቢ ውስጥ ተከፍሎ ነበር። በኋላ ደግሞ መብቱን የገዛ አንድ አዟሪ የተፈጥሮን ስሕተት እዩ በሚል ዓይነት ርእስ ከከተማ ከተማ አሳየው፤ ርኅራኄው ተነቅሎ ወጥቶ ትርኢቱ ብቻ ቀረ። ፊልሙ ክብሩ የተመለሰለት በ1962 በቬኒስ ፌስቲቫል ከታየ በኋላ ነው።

ወደ አውሬ ስለሚለወጡ ሰዎች የተሠሩትስ?

በ1941ዱ «ተኩላው ሰው» ላሪ ታልቦት የሚነከሰው አንዲት ሴት ከተኩላ ሊያድን ሲሮጥ ነው። እርግማኑ የመጣበት በበጎነቱ ነው። የደራሲው የኩርት ሲዮድማክ ሕይወት እዚህ ይታሰባል፤ ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ከጀርመን የወጣ አይሁዳዊ ነው። ማሪያ ኡስፐንስካያ የተጫወተቻት አሮጊት የሮማ ሴት መንገድህ እሾህ የበዛበት ያለ ጥፋትህ ነው እያለች በሬሳ ላይ የምትጸልየው ጸሎት በፊልሙ ይደጋገማል፦ መጀመሪያ ለልጇ፣ በኋላ ለላሪ። ለባዕድም ለልጇም ያው ቃል ነው። ላሪን የሚገድለው ግን ማን መሆኑን ሳያውቅ የገዛ አባቱ ነው።

ከሁሉ የረቀቀው የ1942ቱ «ድመት ሰዎች» ነው። ፕሮዲዩሰሩ ቫል ሉተን ከአርኬኦ ስቱዲዮ የተሰጠው ገንዘብ ከ150,000 ዶላር በታች፣ ርዝመቱ ከ75 ደቂቃ በታች፣ ርእሱም በአለቆቹ የተመረጠ ነበር። ስለዚህ አውሬውን በጥላና በድምፅ አደረገው። ኢሬና ኒው ዮርክ የምትኖር ሰርቢያዊት ናት። የመንደሬ ሴቶች እርግማን አለብኝ፣ ባል ከቀረበኝ ወደ አውሬ እለወጣለሁ ብላ ትፈራለች። ባሏ መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ይታገሣል፣ ከዚያ ለሥራ ባልደረባው ለሌላ ሴት ምሥጢሯን ማውራት ይጀምራል። ጭካኔው በጨዋ ድምፅ የሚነገር ስለሆነ ብዙ ተመልካች ጭካኔ መሆኑን የሚያውቀው በሁለተኛው ዕይታ ነው።

ይህ ለእኛ ሩቅ ታሪክ አይደለም። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋና ቆዳ ፋቂው ቡዳ እየተባሉ፣ ቀን ሰው ሌሊት ጅብ ይሆናሉ እየተባሉ የኖሩበት አገር ነው ያለን፤ ቤተ እስራኤላውያንም ይኸው ስም ተለጥፎባቸው ኖሯል። የሠሩትን ማረሻ ይዞ እያረሰ፣ የሠሩትን ጀበና ጥዶ እየጠጣ አብሯቸው የማይበላ ሰው ኢሬናን ሲያይ የሚያውቀው ነገር አለ።

ርኅራኄ ጨርሶ የሌለበት ምሳሌ አለ?

ሮንዶ ሃተን። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘማች ነው፤ የእድገት ሆርሞን በመብዛቱ በሚመጣ በሽታ የፊቱና የእጁ አጥንት እያደገ መልኩን ቀየረው። ዩኒቨርሳል በ1940ዎቹ አጋማሽ ያለ ሜካፕ ገዳይ አድርጎ አሳየው። ያ ፊት የበሽተኛ ፊት ነው፤ ፊልሞቹ ግን የወንጀለኛ ፊት አድርገው ነው የሸጡት። በየካቲት 1946 ሞተ፤ የመጨረሻውን ፊልሙን ስቱዲዮው ለሌላ አነስተኛ ድርጅት አሳልፎ ሸጠው። ከካርሎፍ ጋር ስታነጻጽሩት ነገሩ ግልጽ ይሆናል፦ ሜካፑን ማታ የሚያወልቀው ሰው ርኅራኄ ተሰጠው፤ ማውለቅ የማይችለው ተነፈገ።

«ዝሆኑ ሰው» እዚህ ውስጥ ይገባል?

በዘመኑ አይገባም፤ የዴቪድ ሊንች ፊልም የወጣው በ1980 ነው። በመንፈሱ ግን የእነዚህ ልጅ ነው፤ ጥቁርና ነጭ መሆኑም በዘፈቀደ አይደለም። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ እውነተኛው ሰው ጆሴፍ ሜሪክ ይባላል፤ ፊልሙ ጆን ይለዋል። ፊልሙ በጨካኝ ጌታ እጅ ያለ ምርኮኛ አድርጎ ያሳየዋል። እውነተኛው ሜሪክ ግን ወደ ትርኢት የገባው ሥራ ብሎ ራሱ ፈልጎ ነው፤ ሃምሳ ፓውንድ ያህል አጠራቅሞ ነበር፤ ያንን ነው ቤልጅየም ውስጥ የተዘረፈው። የተገፋን ሰው ይበልጥ ለማሳዘን ሲባል የራሱን ውሳኔ መቀማትም አንድ ዓይነት ግፊያ ነው።

ለፊልም ክበብ ለማሳየት ምን ማዘጋጀት አለብን?

መጀመሪያ የምስሉን ቅርጽ አስተካክሉ። እነዚህ ፊልሞች ወደ አራት ማዕዘን የቀረበ ቅርጽ አላቸው። ቴሌቪዥኑ ስክሪኑን ለመሙላት ከለጠጠው የሁሉም ፊት ይሰፋል፤ በእነዚህ ፊልሞች ደግሞ ፊት ዋናው ነገር ነው። ምርጫውን ወደ 4፡3 አድርጉት፤ ግራና ቀኝ ጥቁር ቢቀር አይጨነቃችሁ። እንቅስቃሴን የሚያለሰልሰውን የቴሌቪዥን ማስተካከያ አጥፉ። «ድመት ሰዎች»ን ስታሳዩ ብርሃኑን ከፍ አታድርጉ፤ ይልቅ ክፍሉን አጨልሙ። ጥላው ከነጣ ግድግዳ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ይገለጥና ፊልሙ ባዶ ይሆናል። ቀለም የተቀባ ቅጂ አትጠቀሙ።

በአንድ ምሽት ሁለት ፊልም ይበቃል። ሁለቱ የፍራንከንስታይን ፊልሞች አንድ ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል አይሞሉም፤ መሐል ላይ ሩብ ሰዓት ዕረፍት ስጡ። «ፍሪክስ»ን ከሌላ ጋር አታጣምሩት። 64 ደቂቃ ብቻ ቢሆንም ውይይቱ ከፊልሙ ይረዝማል። ከማሳየታችሁ በፊት ተዋናዮቹ እነማን እንደሆኑ በስማቸው አስተዋውቁ፤ ስማቸውን የሰማ ተመልካች ሲስቅ ብዙም አይሰማም። አካል ጉዳተኛ አባል ካለ ቀደም ብላችሁ ለብቻ ንገሩት እንጂ በሰው ፊት አስተያየቱን አትጠይቁት።

ለውይይት «ምን ተማራችሁ?» ብሎ መጀመር ነገሩን ይገድለዋል። «ከስንተኛው ደቂቃ ጀምሮ ከማን ጋር ሆናችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ስለሚለያይ ሰዉ ራሱ ይከራከራል።

ራሴ አጭር ፊልም ልሠራ ነው። ከእነዚህ ምን ልውሰድ?

ለባለታሪኩ ትንሽ የሚጨበጥ ፍላጎት ስጡት፦ ብርሃን፣ ውሃ፣ የሚያጨሰው ሲጋራ። «መወደድ ይፈልጋል» ካሜራ ፊት አይቆምም፤ ውሃ መለመን ይቆማል። በአሥር ደቂቃ ፊልም ውስጥ የመጀመሪያው በደል እስከ ሦስተኛው ደቂቃ ድረስ መድረስ አለበት፤ ከዘገየ ተመልካቹ ከሚፈሩት ጋር ወግኖ ይጨርሳል። ካሜራውን ባለታሪኩ ዓይን ከፍታ ላይ አድርጉት፤ ከላይ ወደ ታች ቁልቁል መቅረጽን በዳዮቹ ለሚያዩበት ብቻ ቆጥቡት። የሚቀበለው አንድ ሰው ይኑር፤ እሱም የራሱ ጉድለት ይኑረው። የሚያሳድዱትን ደግሞ ደግ ሰዎች አድርጓቸው፤ አዳኞቹን አስታውሱ። ያበጠ ፊት ለመሥራት ገንዘብ ከሌላችሁ አትሥሩ፤ ርካሽ ሜካፕ ያስቃል፤ ሉተን በጥላ እንደተወጣው ተወጡት።

አካል ጉዳት ያለበት ገጸ ባሕርይ ከሆነ ጉዳቱ ያለበትን ተዋናይ ፈልጉ፤ ጽሑፉንም ከቀረጻው በፊት ያንብበውና ያልመሰለውን ይሰርዝ። መጨረሻው ላይ ገጸ ባሕርዩን መግደል የሚቀናችሁ ከሆነ አንዴ ሳትገድሉት ጻፉት። ብዙ ጊዜ ሞቱ የገባው ጸሐፊው ቀጥሎ የት እንደሚያኖረው ስላላወቀ ነው።

ልጆች ማየት ይችላሉ?

«ፍራንከንስታይን» ከአሥር ዓመት በላይ ላሉ፣ ከወላጅ ጋር፣ ምንም አይል፤ ሐይቁ ላይ አቁማችሁ አነጋግሯቸው። «ፍሪክስ» ለአዋቂ ነው። ለትንንሾች የሚሻለው «የድመት ሰዎች እርግማን» የተባለው የ1944ቱ ፊልም ነው። ርእሱ አሳሳች ነው፤ ጓደኛ ስላጣች አንዲት ሕፃን የተሠራ ነው እንጂ አውሬ የለበትም።